ከባንክ ወደ ቶርኖ ቤት፦ የምወደውን ሥራ ለመያዝ ደሞዜን ልተው?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ውስጥ የምሠራ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ሲሆን አምስተኛ የአገልግሎት ዓመቴን ለመድፈን ጥቂት ወራት ይቀሩኛል። ደሞዙ በሰዓቱ ይገባል፣ የሥራ ባልደረቦቼም መልካም ሰዎች ናቸው፤ ይሁንና ጠዋት ከሳቢያን ተነሥቼ ወደ ከዚራ ስሄድ ባጃጁ ቀስ ብሎ ቢነዳ ደስ የሚለኝ ሰው ከሆንኩ ሰንብቻለሁ። ጓደኞቼን ሳማክር ከፊሎቹ «የያዝከውን እንጀራ አትግፋ» ይሉኛል፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ደስ ያለህን ሥራ፣ ሕይወት አንድ ናት» ብለው ይሸኙኛል። ሁለቱም መልሶች አላጠገቡኝም።

አጎቴ ገንደ ቆሬ አካባቢ አነስተኛ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) እና የብየዳ ቤት አለው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምውለው እዚያ ነበር፤ ዛሬም እሑድን የማሳልፈው ከማሽኑ ጋር ነው። በቅርቡ አንድ ገበሬ ከሐረማያ በኩል የውኃ መሳቢያ ፓምፕ አልቤሮ (የሚሽከረከረውን ዘንግ) ይዞ መጣ። ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ፣ ጣት ሲያሳርፉበት ጎድጎድ ይላል። አጎቴ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞላና ቀሪውን ለእኔ ተወው። አልቤሮውን ማሽኑ ላይ አስሬ፣ እንዳይወላገድ መሐሉን አስተካክዬ፣ በስሱ እየላጥኩና በካሊፐር እየለካሁ ወደ ልኩ አደረስኩት። ኩሽኔታው በእጅ ሲገፋ እምቢ ብሎ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ልክክ ብሎ ሲገባ የተሰማኝን ደስታ በባንክ ሥራዬ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም። የምሳ ሰዓት ማለፉንም የነገረኝ አጎቴ ነው።

በሌላ በኩል ያለብኝን ሸክም መደበቅ አልፈልግም። አባቴ በሕይወት የሉም፤ ታናሽ እህቴ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። እናቴ «ተምረህ ተምረህ ዘይት ልትለቀለቅ ነው?» ስትለኝ ቁጣ ሳይሆን ስጋት እንደሆነ ስለሚገባኝ መልስ አጣለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ቤተሰብ በመከረኝ መሠረት የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍን ስለመረጥኩ፣ አሁን ተመልሶ መካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ለእኔ ቀላል መንገድ አይደለም።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ምክር ይህ ነው፦ ቶርኖውን በእውነት የምወደው መሆኑን፣ ወይስ ከባንኩ ስለሸሸሁ ብቻ እንደ ማረፊያ የምቆጥረው መሆኑን በምን ልለየው? መውደዴ እውነተኛ ከሆነስ ቤተሰብ ሳይጎዳ የሚኬድበት መንገድ ምን ይመስላል?

ጡረተኛው (ለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

ልጄ፣ የድሬ ሰው ነኝና «አንተ» ብዬ ልጻፍልህ፤ አንተም «አንቱ» ለማለት ብዙ አትቸገር። የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት በድሮው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል በቶርኖ ላይ ስለሆነ ጥያቄህን በትኩረት አነበብሁት።

ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ስለደረሰ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ስለፈጀ፣ ድሬዳዋ ለዚያን ያህል ጊዜ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ የጥገናው ቤትም እዚሁ ሥር ሰደደ። እኔ በገባሁበት ዘመን ከምንጠግናቸው ነገሮች መካከል ፋብሪካው መለዋወጫ መሥራት ያቆመባቸው ብዙ ስለነበሩ ቦኮላውንም (ዘንግ የሚገባበትን ቀለበት)፣ ቡሎኑንም፣ አልቤሮውንም እዚሁ በእጃችን እንሠራ ነበር። ለ784 ኪሎ ሜትር መስመር የሚሆን ሥራ ነበርና ማሽን አጥቶ የሚቀመጥ እንጂ ሥራ አጥቶ የሚቀመጥ ሠራተኛ አልነበረም።

በተለማማጅነት ስገባ ግን ወደ ቶርኖው እንድቀርብ አልተፈቀደልኝም። ሞረድና አንድ ቁራጭ ብረት ተሰጠኝና ስድስቱንም ፊት አስተካክለህ አምጣ ተባልሁ። ሞርጄ ሳመጣ አለቃችን ስኳድራውን (የማዕዘን መለኪያውን) ብረቱ ላይ ያስደግፍና ወደ መስኮቱ ያዞረዋል፤ በመካከሉ ብርሃን ካለፈ አንድም ቃል ሳይናገር ይመልስልኛል። ወር ሙሉ የዋልሁት በዚያ ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ትወደው ነበር ወይ ብትለኝ፣ የወደድሁት እጄ ከታዘዘልኝ በኋላ ነው እልሃለሁ። በእኔ አስተያየት ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን ሳይችለው በፊት እንዲወደው ይጠብቃል፤ ሳይወደው ሲቀር ደግሞ «የእኔ ጥሪ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

የአንተ ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ አንተ የጀመርኸው ከጣፋጩ ጫፍ ነው። አጎትህ ከገበሬው ጋር ተነጋግሯል፣ አልቤሮው የሚድን መሆኑን ፈርዷል፣ የሚስማማውን የብየዳ ዘንግ መርጧል፣ በእሳት እንዳይጣመም ተጠንቅቆ ሞልቷል፤ ለአንተ የተረፈህ መላጥና መለካት ነው። እሱም ቢሆን ሥራ ነው፤ አላናንቀውም። ነገር ግን ሙያውን ሁሉ በዚያ አትመዝነው። አጎትህን ጠይቀውና አንድ ዓይነት ቡሎን በብዛት ሥራ፤ የመጀመሪያውን ሳይሆን ሠላሳኛውን ስትሠራ ዓይንህ ከጥርሱ ላይ ይነሣ እንደሆነ ራስህን ታዘብ። የመቁረጫውን ስለት ራስህ ሳል። ብረት ስትልጥ ቅራፊው እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ሲወጣና ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ልዩነቱን እይ፤ በተራው የመቁረጫ ብረት ስትሠራ ሰማያዊው መምጣቱ ግለቱ በዝቶ ስለቱ ሊሞት መሆኑን ይነግርሃል። ወተት የመሰለው ማቀዝቀዣ ሲረጭብህ፣ ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ከላይ ሲያነድህ ተመልሰህ መምጣት ከፈለግህ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የእኛ ዘመን እውቀት አብዛኛው ለእሱ አልሆነም፤ እሱ የሚፈልገው ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ነው። በድሮው ሐዲድ ላይ ሥራቸውን ከልብ ይወዱ የነበሩ ጓደኞቼ ባቡሩ ሲቆም አብረው የቆሙት የሚወዱትን ከአንድ ማሽን ጋር ብቻ ስላሰሩት ነው። አንተ ከተማርህ በኮምፒውተር የሚታዘዘውንም ቶርኖ ጨምረህ ተማር።

መምህርቷ (ሐረር)

ወንድሜ፣ ጡረተኛው አባታችን በጻፉት ላይ አብዛኛውን እስማማለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን ትንሽ ልለይ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ ልጆች የሥራ ምርጫቸውን ሲነግሩኝ የሚነግሩኝ የሥራውን ስም እንጂ የሥራውን ቀን አይደለም። «ሐኪም እሆናለሁ» የሚለው ልጅ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ስለማደር አስቦ አያውቅም። ስለዚህ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በማኪና ግርግር፣ የሚኖሩ ወላጆችን እያስቸገርኩ ተማሪዎቼን በሥራ ቀን ሱቅ ውስጥ እንዲያስቀምጡልኝ እለምናለሁ። አንዲት ተማሪዬ የልብስ ስፌት እጅግ ትወድ ነበር፤ በሐሳቧ የምትሰፋው ግን የሠርግ ልብስ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ስትውል ያየችው አብዛኛው ሥራ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መለወጥና «ለዛሬ ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» ከሚል ደንበኛ ጋር መከራከር ሆነ። ልጅቷ ስፌቱን አልተወችውም፤ የተወችው የሠርግ ልብስ ብቻ እሰፋለሁ የሚለውን ነው። አንተም እሑድን ሳይሆን ማክሰኞን ማየት ያስፈልግሃል።

የምለይበት ነጥብ ይህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ የኩብ ቁርጥራጮችን አገጣጥሞ ቅርጽ የማውጣት ጨዋታ ለተማሪዎች ሰጥቶ ነበር። ከፊሎቹ ቅርጹን ባወጡ ቁጥር ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ከፊሎቹ ምንም አልተከፈላቸውም። ክፍያው ከቆመ በኋላ በነጻ ጊዜያቸው ጨዋታውን የመቀጠል ፍላጎታቸው የቀነሰው የተከፈላቸው ናቸው። ይህ ማለት የሚወዱት ነገር እንጀራ ሲሆን መውደዱ የግድ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ኋላ ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ እንዳብራራው፣ ክፍያው «አንተ ጎበዝ ነህ» የሚል መልእክት ሲይዝና ሰውን እንደ ልጓም ሲይዘው የሚያመጣው ውጤት የተለያየ ነው። ሰው በሥራው ደስ እንዲለው በራሱ ፈቃድ መሥራቱን፣ ችሎታው ሲያድግ ማየቱንና ከሰዎች ጋር መተሳሰሩን እንደሚፈልግ ሁለቱ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እሑድ በአጎትህ ቤት ሦስቱም ተሟልተውልሃል። ማንም አያዝህም፣ ብረቱ ልክ መግባቱን ወዲያው ታያለህ፣ አጠገብህ ያለው የሥጋ ዘመድህ ነው። ለመኖር ስትሠራው የመጀመሪያው መጉደሉ አይቀርም።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በባንኩ ውስጥ የጎደለህ ከሦስቱ የትኛው ነው? ሥራው ራሱ ነው ወይስ አሁን ያለህበት ቦታ? በጽሑፍህ ውስጥ ደስ ያለህን ስትገልጽ ያነሣኸው መለካትን፣ ማስተካከልንና ልክክ ማለትን ነው። ይህ ፍላጎት ብረት ላይ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ።

ባለ ደሞዝ (ድሬዳዋ)

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። እኔ ሥራዬን የማልወድ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰዓቴን ጠብቄ ገብቼ ሰዓቴን ጠብቄ እወጣለሁ። ደስታዬ ከሥራ ውጭ ነው፤ በዚህም አልተጎዳሁም። ወንድማችን እሑድ የሚሠራው ቶርኖ እንዲህ የሚጣፍጠው የቤት ኪራይ ስለማይጠበቅበት ሊሆን ይችላል። ባንኩን ይዞ እሑዱን ቢያጠነክር፣ ከፈለገም ቅዳሜ ከሰዓትን ቢጨምርበት ምን ይጎድልበታል? ሁሉም ሰው የሚወደውን እንጀራው ማድረግ አለበት የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ አይገባኝም። አባቶቻችን የሚወዱትንም የማይወዱትንም ሠርተው ነው ያሳደጉን።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቡሎኑን ለመሥራት ከአጎቴ ጋር ተስማምቻለሁ፤ ስለ ቅራፊው ቀለም የጻፉትን ሳነብለት ሳቀና «ሰውዬው እውነተኛ የባቡር ልጅ ነው» አለ።

መምህርት፣ ጥያቄሽ ረጅም ጊዜ አሳሰበኝ። ቀደም ሲል ብድር ክፍል ውስጥ ስሠራ የተበዳሪዎችን ድርጅት እየሄድኩ አይ ነበር። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ያቀረቡት ሒሳብ ከኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ጋር አልገጥም ሲል፣ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያገኘንበት ቀን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ወደ አሁኑ ቦታ ከተዛወርኩ በኋላ ግን የምመዘነው በማመጣው ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ስልኬን ማንሣት እስኪፈራ ድረስ አስቸግሬያለሁ። ስለዚህ የጠላሁት አካውንቲንግን ነው ብዬ ያሰብኩት ትክክል ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ወደ ብድር ክፍል ብመለስ እንኳ ቶርኖው ከልቤ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

ባለ ደሞዝ፣ የአንተ ሐሳብ ለእናቴ በጣም ይስማማታል። እኔንም የሚከብደኝ እሱን መቃወም ሳይሆን፣ ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን ሰባተኛውን እየጠበቁ መኖር ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ (ድሬዳዋ)

ስለ መውደድና ስለ መጥላት ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ብዙ ሰው ልቡ ሲነሣ ረስቶት ስለሚሄደው ጉዳይ ነው።

በምንም ምክንያት ቢሆን አምስት ዓመት ሳትደፍን የሥራ መልቀቂያ እንዳታስገባ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአሠሪው ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት በገዛ ፈቃዱ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደሞዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ስለዚህ ልክ አምስት ዓመት ሲሞላህ የሰባ ቀን ደሞዝ ይደርስሃል ማለት ነው። ጥቂት ወራት ባለመታገሥ ይህን ገንዘብ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ባንኩ ለሥልጠና ልኮህ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብለህ የፈረምከው ወረቀት ካለ አስቀድመህ አውጥተህ አንብበው። ስትለቅም የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለብህ፤ በቁጣ ጥሎ መሄድ የሥራ ልምድ ማስረጃና ክሊራንስ ስትጠይቅ ያስቸግርሃል።

ከባንኩ የሠራተኛ ብድር ወስደህ ከሆነ ደግሞ ውሉን ተመልከት። ለሠራተኛ በሚሰጥ ዝቅተኛ ወለድ የተወሰደ ብድር ሠራተኛው ሲለቅ በተራ ደንበኛ ወለድ እንዲታሰብ ወይም በአጭር ጊዜ እንዲከፈል የሚያደርግ አንቀጽ መኖሩ የተለመደ ነው። ዋስ የሆንክለት የሥራ ባልደረባ ካለም አትርሳው።

መምህርቷ «ማክሰኞን እይ» ላለችህ መፍትሔ በእጅህ አለ። በሕጉ የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ይህን ዕረፍት ለጉዞና ለእንቅልፍ ከማዋል ይልቅ በሥራ ቀናት ከጠዋት እስከ ማታ አጎትህ ቤት ዋልበት። ደሞዝህ ሳይቋረጥ ሙያውን በሙሉ ቀኑ ማየት የምትችልበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይኖርህም።

ባለ ቶርኖ ቤት (አሸዋ፣ ድሬዳዋ)

በዚህ ሙያ ላይ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ከገበያው በኩል ያለውን ልጻፍ። ጋሼ ጡረተኛው ስለ እጅ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን እሳቸው የሠሩት ለድርጅት ስለሆነ ዋጋ ተምነው አያውቁም። የግል ቶርኖ ቤት ግማሽ ሕይወቱ ዋጋ መተመን ነው።

ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት?» ብሎ ነው። አንተ ገና ብረቱን አላየኸውም። የብረቱን ዋጋ፣ የሚፈጀውን ሰዓት፣ የሚበላውን መቁረጫና የመብራቱን በአንድ ትንፋሽ አስበህ መልስ ትሰጣለህ፤ ካበዛህ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ካሳነስክ ስትለፋ ውለህ በኪሳራ ትገባለህ። ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ መንገድ ላይ ተሰብሮ ሾፌሩ ዕቃውን ይዞልህ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ጫት ካደረ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የያዝከውን ሥራ አስቁመህ የእሱን እንድትሠራ ይፈልጋል፤ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅህ ሰው ደግሞ አጠገብህ ቆሟል። በዚህ መካከል መብራት ይጠፋል። መብራት በመጣ ጊዜ በግማሽ የተላጠውን ዕቃ እንደገና ማስተካከል አለብህ። ከተበላሸብህ ደግሞ ያበላሸኸው ሰውዬው ያለውን ብቸኛ አልቤሮ ነውና ከኪስህ ትገዛለታለህ።

ይህን ሁሉ የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። እኔ ሥራዬን እወዳለሁ፤ እንደ መምህርቷ አባባል ገንዘብ ስለተከፈለኝም መውደዴ አልቀነሰም። ደንበኛ «አይድንም ብለውኝ ነበር» ብሎ ያመጣውን ነገር አድኜ ስሰጠው የሚከፍለኝ ገንዘብ ራሱ ደስታዬን ይጨምራል። ነገር ግን በዚህ ከተማ ጎበዝ እጅ ኖሯቸው ቤታቸውን የዘጉ ባለሙያዎችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን የጣላቸው ሙያ ማነስ ሳይሆን ሒሳብ አለመያዝ ነው። ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ግድግዳው ሲቀባ ዕዳውም አብሮ ይጠፋል። አንተ ብድር ክፍል ውስጥ የወፍጮ ቤት ሒሳብ ፈትሸህ ስሕተቱን ያገኘህ ሰው ነህ። ይህን እንደ ተውከው ሥራ አትቁጠረው።

ስለዚህ ማሽን ለመግዛት አትቸኩል። ያገለገለ ቶርኖ እንኳ ዋጋው ከባድ ነው፤ ከማሽኑ በፊት ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት የገባበት ቤት ማግኘት አለብህ፤ ይህ የሌለበትን ቤት በርካሽ ተከራይተው ወራት ሙሉ ቆጣሪ ሲጠብቁ የከረሙ አሉ። አጎትህ ማሽን አለው፣ መብራት አለው፣ ደንበኛም አለው። ለዓመት ዕረፍትህ ወደ እሱ ስትሄድ መላጡን ብቻ አትሥራ፤ ዋጋ መናገሩንም ለአንተ ይተውልህ፤ እሱ ዝም ብሎ ይስማ። እያንዳንዱን ሥራ በደብተር መዝግብ፦ የተናገርከውን ዋጋ፣ የፈጀብህን ሰዓት፣ የወጣውን ዕቃ፣ ገንዘቡ የገባበትን ቀን። ዕረፍትህ ሲያልቅ ያ ደብተር አንተን አጎትህንም እናትህንም ከማንኛችንም በተሻለ ያማክራችኋል።

ስልጠናን በተመለከተ በከተማችን ባለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደህ ጠይቅ። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ ከደረጃ አንድ እስከ አምስት በየደረጃው የብቃት ምዘና አለ። እጅህ ሥራውን ቢችልም ወረቀቱ ያስፈልግሃል፤ ነገ የራስህን ቤት መክፈት ባትፈልግና በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በባቡሩ ጥገና ልቀጠር ብትል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህንንም እንደ አንድ መንገድ ያዘው፤ ቶርኖ የሚወድ ሰው ሁሉ ባለ ቤት መሆን የለበትም።

መምህርቷ (ሐረር)

ባለ ቶርኖ ቤት፣ «ገንዘቡ ራሱ ደስታዬን ይጨምራል» ያልከው ዴሲና ራያን የሚሉትን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጸና ነው፤ ደንበኛህ የሚከፍልህ ችሎታህን እየመሰከረልህ ነው። ወንድማችንን በተመለከተ የምጨምረው ስለ እናቱ ነው። ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ያላየውን ነው። ደብተሩ ሲሞላ ለእናትህ አንብብላት፤ ከተቻለም አንድ ቀን አጎትህ ቤት ምሳ ይዛልህ ትምጣና ደንበኛ እንዴት እንደሚያናግርህ ትመልከት። ከአንተ ንግግር ይልቅ የገበሬው ምርቃት ሊያሳምናት ይችላል።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

የጻፋችሁልኝን ለአጎቴም ለእናቴም አነበብኩላቸው። እናቴ የስንብት ክፍያውን ስትሰማ «ታዲያ እስከዚያ ዝም ብለህ ሥራ» አለች፤ ይህን እንደ ግማሽ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ። አጎቴ ዋጋ መናገሩን ለእኔ ለመተው ተስማምቷል፤ ሆኖም የአይሱዙ ሾፌሮችን እሱ ራሱ እንደሚያነጋግር አስቀድሞ አስታውቆኛል።

የሥልጠና ውሌን አውጥቼ አየሁት፤ ግዴታው ባለፈው ዓመት አልቋል። የሠራተኛ ብድር የለብኝም፤ ለአንድ ባልደረባዬ ግን ዋስ ነኝ፤ እሱን በሚመለከት ከሚመለከተው ክፍል ጋር እነጋገራለሁ። አምስተኛ ዓመቴን እስክደፍን ባለሁበት እቆያለሁ፤ በዚህ መካከል ወደ ብድር ክፍል እንድዛወር ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የዓመት ዕረፍቴንም በአንድ ላይ ወስጄ በሥራ ቀናት ቶርኖው ላይ እውላለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ደረጃ አንድና ሁለትን ሥራ ሳይለቅ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የተማረ ሰው ካለ፣ የተግባር ልምምዱን ሰዓት እንዴት እንዳመቻቸ ቢነግረኝ ለምዝገባው ይረዳኛል።